ሦስተኛው ጆንያ

መቀሌ፣ ዓይናለም እርሻ ጣቢያ
ታኅሣሥ 28 ቀን 1936 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለጣይባ፣ ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም። አንቺ እንደምን ሰነበትሽ? እናቴ ኡሙሰልማ እንደምን ናት፣ ጉልበቷን ተሻላት ወይ? ልጃችን ሐቢባስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝ። ደብዳቤ ያዘገየሁት ረስቻችሁ አይደለም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ነው። ቅር እንዳትሰኙብኝ። ይህን ለሚያነብልሽ፣ የአንቺንም ቃል ለሚጽፍልኝ ለጎረቤታችን ለሼህ አብዱልወሃብ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

«እዚያ ቁጭ ብለህ የምትሠራው ምንድን ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ እናቴም ለሰው ለማውራት እንዲመቻት፣ እነሆ። ጣቢያችን ለገበሬው ጥሩ ዘር ይሰጣል፣ አዘራሩን ይመክራል። እኔ ጸሐፊ ነኝ። የመጣውን ወረቀት እመዘግባለሁ፣ የሚሄደውን እጽፋለሁ። ከሁሉ የምወደው ግን የሠራተኛውን ማስታወቂያ ነው። ማን ተሾመ፣ ማን ተዛወረ፣ ማን ወለደ፣ የማን እናት አረፈች፤ ይህን ሁሉ በትልቅ ወረቀት በጥቁርና በቀይ ቀለም ጽፌ በር ላይ በተመታው ሳንቃ እለጥፋለሁ። ሠራተኛው ስሙን ለማየት ይጋፋል። ማንበብ የማይችለው «ሸረፈዲን፣ እኔን የት ላይ ጻፍከኝ?» እያለ ጣቱን ስሙ ላይ ያስደርገኛል።

የትናንቱ የገና ማስታወቂያ እስከ ዛሬ ከጻፍኳቸው ሁሉ ያምራል። ፈንታሁን የመጋዘን ሹም ሆነ። አያ ዐፅብሃ የገበሬ መካሪዎች አለቃ ሆኑ፤ የዚሁ አገር ሰው ናቸው፣ እንደ ታላቅ ወንድም ነው የሚያዩኝ። ዘር አበጣሪዋ ብርቄ ሁለት ዓመት ያለ አንድ ቀን መቅረት በመሥራቷ ተመሰገነች። ከጠዋት እስከ ቀትር ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ሌላ የታዘዝኩትን እንኳ አቆይቼ።

ስለ አንበጣው የሰማሽው እውነት ነው። ከራያ ቆላ በኩል ወጥቷል። ለእሱ የሚሆን መድኃኒት ከአስመራ በመኪና መጥቶልናል። ነጭ ዱቄት ነው፤ ከፉርሽካና ጥቁር ማር ከመሰለ ጣፋጭ ነገር ጋር ተለውሶ ጎሕ ሲቀድ መሬት ላይ ይበተናል፣ አንበጣው በልቶ ይሞታል። እኔ አልነካውም፣ ሥራዬ ወረቀት ነው፣ አትስጊ።

አሁን የምሥራቹን ስሚ። ዲሬክተራችን አቶ ሥዩም ለገና ብለው ለዘጠኛችንም አንዳንድ ጆንያ ፉርሽካ አደሉን፤ እስላም ክርስቲያን አላሉም። የእኔን በጀላሉ መኪና ልኬላችኋለሁ። ጀላሉ የእኛው አገር ልጅ ነው፣ እስከ በራችሁ ያደርሰዋል። ለላሟ አስቤ ነው፤ ነገር ግን እህሉ አንቺ እንዳልሽው ከተወደደ ንጹሕ ነውና ነፍታችሁ ከገብስ ዱቄት ጋር ብትቀላቅሉት ለሰውም ይሆናል።

ሐቢባን ሳሚልኝ።
ባለቤትሽ ሸረፈዲን ይማም


መቀሌ፣ ጥር 5 ቀን 1936 ዓ.ም.

ለጣይባ

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ናችሁ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እናቴ ደህና ናት? ሐቢባ ደህና ናት?

በአንድ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ሲደርስሽ እንዳትደነግጪ። ይህን ጨው ጭኖ ለሚወርድ ሰው ሰጥቼ ነው።

በጀላሉ የላክሁት ፉርሽካ ደርሶ እንደሆነ አትፍቱት። ከተፈታም መልሳችሁ እሰሩት፣ ሐቢባ የማትደርስበት ቦታ አስቀምጡት። ለላሟም አትስጧት። ሻግቷል ብለዋል። የሻገተ ነገር ሆድ ያማል። ሌላ ምክንያት የለውም።

ለሌላ ሰውም እንዳትሰጡ። አደራ።

ስለ ሠራተኛው ወሬ በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። የዚህ ሳምንት ማስታወቂያ ያው እንደ ወትሮው ነው።

ይህ እንደደረሰሽ ደህና መሆናችሁን ብቻ ጻፊልኝ። በመጀመሪያው መኪና።

ሸረፈዲን


ደሴ፣ ጥር 11 ቀን 1936 ዓ.ም.

ይድረስ ለሐቢባ አባት፣ መቀሌ

አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷን ትንሽ ተሽሏታል፣ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ረድቷታል። ሐቢባ የፊት ጥርሷ ወልቆ ጎረቤቱን ሁሉ ታሳያለች።

ፉርሽካው ማክሰኞ ለታ ደረሰ። ጀላሉ ደጅ ድረስ ተሸክሞ አምጥቶ ምሳ እንኳ ሳይበላ ሄደ። ሁለተኛው ደብዳቤህ ግን ትናንት ነው የደረሰው። እንደ ሰማሁት አልዋሽህም፣ ሳቅሁ። አንተ ሻጋታ መለየት ከመቼ ወዲህ ጀመርክ? ፈትተን እፍኝ አውጥተን አሸተትነው፤ ሻጋታ የሚባል የለበትም። ምናልባት መንገድ ላይ እርጥበት ነክቶት ይሆናል ብለን በሰሌን ላይ አስጥተን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አስመታነው። እናታችን ቆንጥራ ቀመሰችና «የመንግሥት ፉርሽካ ጣፋጭ ነው» አለች።

«ለሌላ ሰው እንዳትሰጡ» ያልከውን ጠብቀናል፣ ማንም አልወሰደም። የምንሰጠው ቢኖረንማ ዘንድሮ ማን ይጠላል። ገብሱ እንደ ወርቅ ሆኗል። በላክኸው ነገር ልጅህ ጠግባ ልታድር ነው፣ አላህ ይስጥህ።

ሼህ አብዱልወሃብ ይህን ሲጽፉልኝ እናታችን ከፉርሽካውና ከቀረችው ገብስ ገንፎ አገንፍታ አውጥታዋለች። ሼሁም እንዲቀምሱልን ብንል ጾመኛ ነኝ አሉን። ሐቢባ እጇን ታጥባ ቁጭ ብላለች፣ እስኪበርድ ነው የምንጠብቀው። እንግዲህ ደብዳቤውን ልዝጋና እንብላ።

የሐቢባ እናት ጣይባ


መቀሌ፣ ጥር 16 ቀን 1936 ዓ.ም.

ለጣይባ

ሼህ አብዱልወሃብ፣ ይህን ከማንበብዎ በፊት እናቴን አስቀምጧት። ሐቢባን ከቤት አውጧት። ከዚያ ቀስ ብለው ያንብቡ። ምናልባት የሚያነቡለት ሰው ከሌለም፣ ያ ዐላህ፣ ለእርስዎ ለራስዎ ነው የጻፍኩት።

ጣይባ፣ ፉርሽካው አልሻገተም። ዋሽቼሻለሁ።

ከገና ዋዜማ አንድ ቀን ቀደም ብለው ለአንበጣው የሚሆነውን መርዝ ለሙከራ ከሦስት ጆንያ ፉርሽካ ጋር ለወሱት። ሲደርቅ መልሰው በዚያው ጆንያ ከተቱና መጋዘን አስገቡት። በዋዜማው ጠዋት አቶ ሥዩም ጠርተው «ሸረፈዲን፣ መርዝ የሚል ሦስት ወረቀት ጽፈህ አሁኑኑ ስፋባቸው» አሉኝ። እሺ አልኩ። ነገር ግን የገናው ማስታወቂያ እጄ ላይ ነበር። የፈንታሁንን ስም በቀይ ቀለም እያስጌጥኩ ነበር። እሱን ልጨርስ አልኩ። ስጨርስ ፈንታሁን ፉርሽካውን አድሎ ጨርሷል። እሱም ምን ያድርግ፣ ወረቀት የሌለበት ጆንያ ሁሉ አንድ ነው። ሦስቱን ወረቀት ከሰዓት ይዤ ስሄድ የትኛው ጆንያ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ሠራተኛው የወሰደው ሌላ ሌላውን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ጥር 4 ቀን አያ ዐፅብሃ እያለቀሱ መጡ። ሁለቱም በሬዎቻቸው በአንድ ጠዋት ሞተዋል። የዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር ወጣ። አንዱ መርዛም ጆንያ መጋዘን ውስጥ ተገኘ። አንዱ የአያ ዐፅብሃ ነው። ከሌሎቹ ሠራተኞች ስድስቱ የእነሱን ለከብት ሰጥተዋል፣ ለዶሮም ሰጥተዋል፣ ምንም አልሆነ። የቀረነው ሁለት ነን፣ ብርቄና እኔ። ብርቄ ከብት ስለሌላት የእሷን ሰኞ ገበያ አውጥታ ለማታውቃት ሴት ሸጣለች። የእኔ አንቺ ዘንድ ነው። ሦስተኛው ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ ነው።

አቶ ሥዩም ሰበሰቡን። «ባለፈው ጥቅምት የነደደው የአመፁ እሳት በዚህ አገር ገና አልበረደም። መንግሥት ሕዝቡን በመርዝ ሊፈጅ ነው ቢባል ይህን ጣቢያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ አይተዉትም። እኛንም አይተዉንም። አንዲት ቃል ከዚህ ግቢ ብትወጣ የጻፈውም የተናገረውም በሰንሰለት ይሄዳል» አሉ። ቴሌግራም ያለ እሳቸው ፊርማ አይሄድም። ፈቃድ ጠየቅሁ፣ ከለከሉኝ። በሰው እጅ የሚላክ ደብዳቤም ኬላ ላይ ተከፍቶ ይነበባል ይባላል። ለዚህ ነው ሻግቷል ያልኩሽ። አንቺ የሻገተ ነገር እንደማትነኪ እርግጠኛ ነበርኩ። ፀሐይ ታስመቺዋለሽ ብዬ አላሰብኩም። ይህንን ጀላሉ ከመቀመጫው ሥር ደብቆ ይዞልኛል።

የዚያ ሳምንት ማስታወቂያ «ያው እንደ ወትሮው ነው» ብዬሽ ነበር። የጻፍኩት ይህንን ነው፦ «አያ ዐፅብሃ በግል ጉዳይ ለአሥር ቀን ፈቃድ ወጥተዋል።» ሠራተኛው ሁሉ እያወቀ አነበበው። ማንም ጣቴን ስሜ ላይ አድርግልኝ አላለኝም።

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። «ጣፋጭ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱ ከእጄ ወደቀ። መርዙን የሚለውሱበት ያ ጥቁር ነገር ጣፋጭ ነው፣ ጽፌልሽም ነበር። ፈንታሁን አንስቶ የቀረውን አነበበልኝ። «እስኪበርድ ነው የምንጠብቀው» ሲል እሱም ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ።

አምስት ቀን አልፎታል። የሆነው ሆኗል፤ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ አላወቅሁም። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ወደ በር እሮጣለሁ፣ ሲቆም ደግሞ የሚወርደውን ሰው ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ፣ ለሌላ ለማን እነግራለሁ። ስሰግድ የምለምነው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የብርቄው እንዲሆን ነው። የማላውቃት ሴት የገዛችው እንዲሆን ነው። ግንባሬን መሬት ላይ አድርጌ በሌላ ሰው ቤት ሞት እለምናለሁ። ከዚያ አፍሬ ቀና እላለሁ። በሚቀጥለው ሶላት ደግሞ ያንኑ እለምናለሁ።

በሕይወት ካላችሁ አንዲት ቃል ላኩልኝ።

ሸረፈዲን


ደሴ፣ ጥር 22 ቀን 1936 ዓ.ም.

ለሸረፈዲን

ሦስታችንም አለን። ላሟም አለች።

ገንፎውን በልተናል። በማግሥቱም በልተናል። ደብዳቤህ ትናንት ሲደርስ ጆንያው ተጋምሶ ነበር። ሼህ አብዱልወሃብ ዝም ብለው ለራሳቸው አነበቡና «ጣይባ፣ ሆድሽን ያምሻል?» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ አነበቡልኝ።

አሥር ቀን ሙሉ የበላነው ነገር መርዝ ነው ስባል፣ ሐቢባን ጠርቼ ምላሷን አየሁ፣ ሆዷን ዳሰስኩ፣ ዐይኗን ገለጥኩ። «እማ ምን ፈለግሽ?» አለች። እናታችን አትደነግጥም ነበር፣ እሷም ስማችንን እየጠራች ታለቅስ ጀመር። በኋላ ሼሁ «መርዝ አሥር ቀን አይጠብቅም። ብትሞቱ ኖሮ ያኔ ነበር» አሉ።

ጣፋጭ ነው ያለችው እናትህ ስለራባት ነው፣ ሸረፈዲን። የራበው ሰው ሁሉ ነገር ይጣፍጠዋል። ይህን እንዳልጽፍልህ ብላ ነበር።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እልል ልል ነበር። እጄን ወደ ላይ አንስቼ አላህን አመስግኜ ሳልጨርስ ነገሩ ገባኝ። የእኛው ደህና ከሆነ ያኛው ነው። ያቺ ሴት ናት። የለመንከው ተሰጠህ።

ስሟን አላውቅም። ልጅ ይኑራት አይኑራት አላውቅም። እሷም እንደ እኔ ፀሐይ አስመትታው ይሆናል። ለእሷ «አትፍቺው» የሚል ደብዳቤ የላከላት የለም፣ የውሸቱን እንኳ።

ይህን ደብዳቤ ለምን እያነበብክ ነው? እኔ አላባብልህም። ጥር 4 ካወቅህ ይህ ወረቀት እስኪደርስህ ስንት ቀን ነው? የቀረውን ስትመለስ ታነበዋለህ። ተነሥና ገበያ ሂድ።

ጣይባ

የጸሐፊው ቃል፦ ልጄ ሸረፈዲን፣ ይህን ጣይባ ሳታውቅ ነው የምጨምረው። ጣይባ ደብዳቤህን ከሰማች ወዲህ እህል አልቀመሰችም። የተረፈውን ፉርሽካ እናትህ ልታገነፍል ስትል ከእጇ ነጥቃ ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው። ንጹሕ መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ደፋችው። ቤት ውስጥ አሁን ምንም የለም፤ እኛ ጎረቤቶቿ አለንና ስለዚህ አታስብ። አብዱልወሃብ።


መቀሌ፣ የካቲት 2 ቀን 1936 ዓ.ም.

ለጣይባ

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሰኞ ጠዋት ጥር 29 ቀን ነው። ግማሹን እንዳነበብኩ ተነሣሁ። ያዘዝሽኝን አድርጌያለሁ። ምን እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ልንገርሽ፣ ሲደበላለቅብኝ ታገሺኝ።

ትልቁን ወረቀት አወጣሁ። በጥቁር ቀለም ብቻ ጻፍኩ። «ጥር 1 ቀን በሰኞ ገበያ ከዘር አበጣሪዋ ከብርቄ ፉርሽካ የገዛሽ ሴት፣ መርዝ ነው። አትብዪው፣ ለከብትም አትስጪው። ከዓይናለም እርሻ ጣቢያ በስሕተት የወጣ ነው። ስሕተቱ የእኔ ነው።» ስሜን ጻፍኩበት። አንዱን በራችን ሳንቃ ላይ ለጠፍኩ፣ አንዱን ይዤ ወጣሁ። ፈንታሁን በሩ ላይ ቆሞ «እባክህ አንድ ቀን ቆይ፣ አቶ ሥዩምን እንለምን» አለኝ። አልቆየሁም። እሱም አልያዘኝም።

ብርቄ እያለቀሰች ተከተለችኝ። አያ ዐፅብሃ ከቤታቸው ወጥተው ሲያገኙን የት ትሄዳላችሁ ብለው እንኳ አልጠየቁም፤ ወረቀቱን አይተው ገባቸው። በሬዎቻቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው፣ ቢፈልጉ በድንጋይ ሊቀጠቅጡኝ ይችሉ ነበር። ጨው ተራ ላይ ሲደርሱ ከአሞሌው ክምር ላይ ወጡና በትግርኛ «ስምዑ! ስምዑ!»፣ ስሙ ስሙ፣ ብለው ጮኹ። ገበያው ወደ እሳቸው ዞረ። የጻፍኩትን በአገሩ ቋንቋ ተናገሩት።

የፈራነው ድንጋይ አልመጣም። አንዲት በርበሬ የምትሸጥ ሴት ብቻ ተነሣች። ብርቄን ትክ ብላ አየቻትና «አንቺ ነሽ ለምንትዋብ የሸጥሽላት» አለቻት።

«የት ናት?» አልኳት።

«ሓድነት ሰፈር።»

«ደህና ናት?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና ፊት ፊታችን ሄደች።

ምንትዋብ ከጎንደር በኩል የመጣች ሴት ናት፤ ስዋ የሚሉትን የአገሩን ጠላ እየጠመቀች ትሸጥ ነበር። ባሏ ሐረጎት የዚሁ አገር ሰው፣ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ልጅ የላቸውም። በዚያ ቤት ደጃፍ ድንኳን የተተከለበት ጉድጓድ ገና አልተደፈነም ነበር። ምንትዋብ ጥር 19 ቀን ሞታለች። ጆንያውን የፈታችው በዋዜማው ነው። ባሏ በዚያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበረ አብሯት አልበላም። ሰዉ ሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ቀበራት።

ጆንያው ጥቂት ብቻ ጎድሎ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ሐረጎት በቀብሯ ለረዱት ጎረቤቶች ሊያከፋፍለው ለዚያው ቀን ቀጥሯቸው ነበር። ሁለት ሴቶች ቁና ይዘው ተቀምጠዋል።

ነገርኩት። አማርኛ ይሰማል። እጁ ላይ የድንጋይ ብናኝ ነበረ፣ እሱን እያየ ሰማኝ። ስጨርስ ብናኙን ከእጁ አራገፈ። ከዚያ ቀና አለ።

«መዓስ?» አለኝ። ያልገባኝ መስሎት ደገመልኝ። «መቼ ነው ያወቅከው?»

ልዋሽ እችል ነበር። «ጥር አራት» አልኩት።

ጣቱን መቁጠር ጀመረ። አንዱን እጅ ጨረሰ፣ ሌላውን ጨረሰ፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። አሥራ አምስት ላይ ቆመ። ጣቱን እንደያዘ ቀረ። አያ ዐፅብሃ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። ጆንያውን ብርቄና እኔ ተሸክመን ወስደን ከአያ ዐፅብሃ በሬዎች ጋር ቀበርነው።

ጥር 16 ቀን ለአንቺ ሁሉንም ስጽፍልሽ እሷ ጆንያውን አልፈታችም ነበር። ያን ሁሉ ቃል ለአንቺ ስጽፍ ገበያው ከዚህ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር። ይህንን ብቻ ነው የማስበው።

ጣቢያው ስመለስ ሳንቃው ላይ የእኔ ወረቀት ተቀዷል። በቦታው ፈንታሁን በማያምር እጁ የጻፈው አዲስ ማስታወቂያ አለ፦ «ጸሐፊ ሸረፈዲን ይማም ያልተፈቀደ ማስታወቂያ በማውጣቱ ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተሰናብቷል።» ስለ መርዙ የሚል የለበትም። ስለ ምንትዋብ የሚል የለበትም። ሠራተኛው አንድ በአንድ እየመጣ አንብቦ ሄደ። አቶ ሥዩም በመስኮት አዩኝ፣ መጋረጃውን ሳቡት።

አሁን በአያ ዐፅብሃ ቤት ነኝ። የሐረጎት ወንድሞች ከእንደርታ ገጠር መጥተዋል ይባላል። ሁለቱን ትናንት ከቤቱ ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ወደዚህ ይመለከታሉ፣ አይናገሩም። ሽማግሌ ልከናል፣ ሐረጎት «ገና ነኝ» ብሎ መለሳቸው። ገና ነኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አያ ዐፅብሃም አላወቁም። ፖሊስም ከከተማ እንዳልወጣ ነግሮኛል። ፈንታሁን ግን ትናንት በጓሮ በኩል መጥቶ «ጀላሉ ሊወርድ ነው፣ ከጭነቱ መሐል ግባና ወደ ልጅህ ሂድ፣ እዚህ ይገድሉሃል» አለኝ። ደጁን በከፈቱ ቁጥር እደነግጣለሁ። ልምጣ ወይ? ንገሪኝ። አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ።

ሸረፈዲን


ደሴ፣ የካቲት 9 ቀን 1936 ዓ.ም.

ለሸረፈዲን

አሰላሙ ዐለይኩም። ደህና ነን። አንተም እስከ አሁን ደህና ነህ ብዬ ነው የማስጽፈው።

ልምጣ ወይ ላልከኝ፣ አትምጣ። ብትመጣ በዚህ ቤት ውስጥ ፊትህን አይቼ ምን እንደምልህ አላውቅም። ሐረጎት ጣቱን እንደቆጠረ ቀርቷል፣ አንተ ከዚያ ሸሽተህ ብትመጣ ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንደቆጠረ ይኖራል።

አልፈራሁልህም አልልህም። ቋጥኙ ላይ ተቀምጠዋል ያልካቸውን ሰዎች እኔም ከዚህ ሆኜ አያቸዋለሁ። ትናንት በር ሲንኳኳ የመርዶ ነጋሪ መስሎኝ ሐቢባን አቅፌ ማዕዘን ውስጥ ቆምኩ። ዱቄት ይዘውልን የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ።

ከእናታችን ጋር ተነጋግረናል። እሷ መጀመሪያ «ልጄን ያምጡልኝ» ብላ ነበር። ከዚያ ስለ ምንትዋብ ደግመው እንዲያነቡላት ሼሁን ጠየቀች። ሲጨርሱ «እናት አላት?» አለች። ማንም አላወቀም። «እንግዲያ ማን አለቀሰላት?» አለች። ከዚያ በኋላ ልጄን ያምጡልኝ አላለችም።

ስለዚህ እኛ እንመጣለን። እኔ፣ እናታችንና ሐቢባ። ላሟን ለሼህ አብዱልወሃብ ቤተሰብ ሰጥተናል። ጀላሉ ረቡዕ ይነሣል፣ ከፊት አስቀምጣችኋለሁ ብሏል። ሰዉ ሁሉ አብዳችኋል ይለናል፣ ነፍሰ ገዳይ የሚፈለግበት አገር ልጅ ይዞ ይኬዳል ወይ ይላል።

ግን ከአንድ መጋዘን በአንድ ቀን ከወጣው እኛ በልተን ተርፈናል፣ እሷ በልታ ሞታለች። ይህን ለሐረጎት መንገር ያለብኝ እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም። አሥራ አምስቱን ቀን የቆየኸው የእኔን ደብዳቤ ስትጠብቅ ነው። ይጠይቀኝ። ከፊቱ ተቀምጬ እመልስለታለሁ። ወንድሞቹም ይጠይቁኝ።

ሐሙስ ወይም ዓርብ እንደርሳለን። አያ ዐፅብሃን ከእኛ ጋር እንዲሄዱ ለምናቸው፣ ቋንቋውን አናውቅም። ስንወርድ ወደምታድርበት እንዳትወስደን፣ ውኃ እንኳ አንጠጣም። በቀጥታ ወደ ምንትዋብ ቤት ውሰደን። ለቅሶ ልንደርስ ነው።

ጣይባ